ሞተሩን ያዘለው ጀት

አገኘሁት! ዝም ብዬ ልቀመጥ ብልም አልቻልኩም። በሪሞት የሚበር፣ እውነተኛ የጀት ሞተር የተገጠመለት፣ ላምባ እየጠጣ የሚያፏጭ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ልግዛ ያለ ሰው «የትኛውን?» ብሎ ቢጠይቀኝ ከእንግዲህ መልሴ አንድ ነው፤ ቡመራንግ። ኤፍ 16 አይደለም፣ ሚግ 29 አይደለም፣ ያ ሁላችንንም የሚያስጎመጀን አፍንጫ ሹሉ ተዋጊ አይደለም። አላን ካርዳሽ የነደፈው፣ አካሉ ከእንጨት የተሠራ፣ ክንፉ ደልደል ያለ፣ ጅራቱ በሁለት ዘንግ የተያዘ፣ ሞተሩን ደግሞ እናት ልጇን በአንቀልባ እንደምታዝለው ጀርባው ላይ ያዘለ የመለማመጃ ጀት ነው። ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው አልፎት ይሄዳል። ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ በቅርብ የሰማና ያየ ሰው ግን ዓይኑን ወደ ሌላ ጀት ለመመለስ ይቸገራል። እኔ ተቸግሬአለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሞተሩ ልናገር፤ ያለ እሱ የቀረው ወሬ ጣዕም የለውም። ይህ ሞተር፣ ተርባይን የሚባለው፣ ጀት ለመምሰል በባትሪ የሚሽከረከር ማራገቢያ አይደለም። ቦይንግ ክንፍ ሥር የተሰቀለው ሞተር በሚሠራበት ሕግ ይሠራል፤ አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ነዳጅ ያቃጥልበታል፣ የጋለውን ጋዝ በኋላው እየተፋ ይገፋል። የጀርመኑ ጀት ካት የሚሠራውን ፒ 100 አርኤክስ እንውሰድ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ቢያልፍ በጥቂቱ ነው፣ የወገቡ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ግፊቱ ግን 100 ኒውተን፣ በኪሎ ሲሰላ ወደ 10 ኪሎ ነው። የራሱን ክብደት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይገፋል! ዘንጉ በሙሉ ኃይሉ በደቂቃ 150,000 ጊዜ ይዞራል። «አንድ» ብላችሁ እስክትጨርሱ 2,500 ጊዜ ዞሮ አልፏል ማለት ነው።

እና ውስጡ ስንት የሚንቀሳቀስ ዕቃ ያለ ይመስላችኋል? ከፊት አየር የሚያምቀው መዘውር፣ ከኋላ እሳቱ የሚያዞረው መዘውር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ዘንግ፣ ዘንጉን የያዙ ሁለት ኩሽኔታዎች። አለቀ። ፒስተን የለ፣ ቫልቭ የለ፣ ማርሽ የለ። የኋላው መዘውር ፍም እስኪመስል በሚግል ጋዝ ውስጥ እየተሽከረከረ እንዳይለጠጥ ኢንኮኔል ከሚባለው የኒኬል ቅይጥ ይሠራል፤ የኩሽኔታዎቹ ኳሶች ሴራሚክ ናቸው። ዘይቱስ የት አለ? ነዳጁ ውስጥ! 20 ሊትር ላምባ ላይ 1 ሊትር ገደማ የተርባይን ዘይት ይጨመራል፤ ከድብልቁ ጥቂቱ ኩሽኔታዎቹን እያረሰ ያልፋል፣ የቀረው ይቃጠላል። ይህን አሠራር ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

አዎ፣ ያው ላምባ ነው። እናቶቻችን ምድጃ ያነደዱበት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዝ ውስጥ የገባው ላምባ። እዚህ አሜሪካ አንዳንዱ ከአውሮፕላን ማረፊያ የጀት ነዳጅ ይገዛል፣ አንዳንዱ ናፍጣ ይጠቀማል፣ ነገሩ ከዚያው ቤተሰብ ነው። ሞተሩ ተነስቶ የመጀመሪያው ትኩስ ነፋስ ፊቴን ሲያገኘኝ የሚሸተኝ የልጅነቴ ማዕድ ቤት ነው። ሜዳው ላይ አብረውኝ የሚቆሙት ፈረንጆች ይህን ሽታ የአውሮፕላን ሽታ ይሉታል። ለእኔ ሁለቱም ነው፣ ደስታዬም እጥፍ ነው።

ቡመራንግ ሞተሩን ስለማይደብቅ ታሪኩንም ቆማችሁ ታዩበታላችሁ። ተዋጊ ጀት ውስጥ ያለ ተርባይን ሆድ ዕቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚታየው የጭስ ማውጫው ቀዳዳ ብቻ ነው። እዚህ ግን ቆርቆሮው፣ ነዳጅ የሚያመጡት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ የፊቱ መዘውር ቅጠሎች ሁሉ ፊት ለፊት ናቸው። ያንን ጣሳ የመሰለ ገላ ባየሁ ቁጥር ኩርት ሽሬክሊንግን አስባለሁ። ይህ ጀርመናዊ በ1980ዎቹ መጨረሻ «በቤት ውስጥ የጀት ሞተር አይሠራም» ሲባል ሠርቶ አሳየ። የፊቱን መዘውር ከምን ሠራው? ከፕላይውድ! ከእንጨት! በካርቦን ፋይበር አጠናክሮ አዞረው፣ አልተበተነም። የኋላውን ከብረት ሉህ ቆርጦ ቅጠሎቹን በእጁ አጣመመ። ለውጭ ገላው የካምፕ ጋዝ ቆርቆሮ በቃው። ከዚያ በፊት በ1983 እንግሊዝ ውስጥ ግሪንሃም ኮመን ላይ ጄሪ ጃክማንና ጓደኞቹ በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራ ተርባይን ያለው ሞዴል አብርረዋል፤ ሰማዩን የከፈቱት እነሱ ናቸው። ሽሬክሊንግ ግን በሩን ለሁላችን ከፈተው፤ አሠራሩን በመጽሐፍ አውጥቶ ጋራዥና የቶርኖ ማሽን ላለው ሁሉ ሰጠ። ቀጥሎ ኬጄ 66 የተባለው ንድፍ መጣ፣ ከቱርቦቻርጀር የተወሰደ 66 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም መዘውር ይዞ። ዛሬ በሱቅ የምንገዛቸው ተርባይኖች በአብዛኛው የዚያ የቤት ሥራ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

አነሳሱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጀት ገዝቶ ከበረራው ይልቅ አነሳሱን የሚወድ ሰው አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ቆሟል። ሪሞቱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ትገፋላችሁ። ከፊት ያለችው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ዘንጉን ትይዝና ቀስ ብላ ታዞራለች፤ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። ውስጥ ያለችው ካንዴላ ትግላለች። ፓምፑ ጥቂት ላምባ ጠብ ያደርጋል። ፑፍ! እሳት ያዘ። ትንሿ ስክሪን ላይ ሙቀቱ ይወጣል፣ 200፣ 350፣ 500። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነዳጁን በጠብታ እየለካ ይጨምራል፣ ዙሩ 10,000፣ 20,000፣ 30,000 ይላል፣ ድምፁም ከጉምጉምታ ወደ ፉጨት፣ ከፉጨት ወደ ዜማ ይቀየራል። አስነሺዋ ሞተር ሥራዋን ጨርሳ ትላቀቃለች። አሁን ራሱን ችሏል፤ በ40,000 ዙር ገደማ ተረጋግቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። ከኋላው ያለው ዛፍ በሙቀቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እናንተ ደግሞ ካንድ ማብሪያ በስተቀር ምንም አልነካችሁም!

ሲጠፋም እንዲሁ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ አስነሺዋ ሞተር ራሷ ተመልሳ ዘንጉን እያዞረች ቀዝቃዛ አየር ታሳልፋለች፣ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ እስኪወርድ አትተወውም። ኩሽኔታዎቹ በተረፈው ግለት እንዳይጎዱ ነው። ማንም ሳያዛት!

አሁን ሞተሩ ከላይ ተጋልጦ መቀመጡ ለጀማሪ ምን ያህል በረከት እንደሆነ ተመልከቱ። ሆድ ውስጥ የተቀበረ ተርባይን አየር የሚገባበት መስመር በልኩ ተሠርቶ ይፈልጋል፣ ጭሱን እስከ ጅራት የሚወስድ የብረት ቱቦ ይፈልጋል፣ ቱቦው ከሞተሩ ጋር በሚሊ ሜትር መግጠም አለበት፣ ዙሪያው ያለው አካል እንዳይቃጠል መከለል አለበት። ቡመራንግ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ሞተሩ ንጹሕ አየር ከፊቱ ይስባል፣ እሳቱን በሁለቱ የጅራት ዘንጎች መሐል ወደ ባዶ አየር ይተፋል። አነሳሱ ቢበላሽና የተጠራቀመ ላምባ ቢቀጣጠል ነበልባሉን ወዲያው ታዩታላችሁ፣ የእሳት ማጥፊያውን ወዲያው ትደርሱበታላችሁ። (ማጥፊያው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን። ዱቄቱ እሳቱን ያጠፋል፣ ሞተሩንም አብሮ ይገድለዋል።) ለጥገና መላክ ካስፈለገ ማሰሪያውን ፈታችሁ፣ ቱቦና ሽቦውን ነቅላችሁ ታነሱታላችሁ። ነገ ሌላ አውሮፕላን ስትገዙ ደግሞ ያው ተርባይን ይከተላችኋል። ዋናው ገንዘብ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ክንፉስ! ጀት መምሰል የፈለገ ሁሉ ክንፉን ያሳጥራል፣ ወደ ኋላም ያጥፈዋል፤ ቡመራንግ ሰፊና ደልዳላ ክንፍ ይዞ መጣ። ስለዚህ ይዘገያል፣ ዘግይቶም አይወድቅም። የሞዴል ጀት ፈተና መነሳቱ አይደለም፣ መብረሩም አይደለም፤ ማረፉ ነው። ተርባይን ጋዝ ሲቀነስለት እንኳ በባዶ ዙሩ ትንሽ መግፋቱን አይተውም፣ በአየር ላይ ፍሬን የሚሆን ፕሮፔለር የለውም፣ ስለዚህ ቀጭኑ ጀት «ውረድ» ሲባል ሜዳውን ጨርሶ ያልፋል። ቡመራንግ ትልልቅ ፍላፖቹን ሲያወርድ ግን ፍጥነቱ ሲሞት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የጎማዎቹ እግሮች ንዝረት የሚውጡ፣ ለሣር ሜዳ የታሰቡ ናቸው። አስፋልት መንደርደሪያ ያለው ክበብ ያጣ ሰው፣ ደስ ይበልህ!

አንድ ነገር ግን የትኛውም ክንፍ አይሽርላችሁም፤ የሞተሩን መዘግየት። የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ጋዝ በሰጣችሁት ቅጽበት ይዘላል። ተርባይን ከባዶ ዙር ወደ ሙሉ ኃይል ለመድረስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ነዳጁ በአንዴ ከጎረፈ እሳቱ ይታፈናልና። በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ ጀቱ መቶ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አብራሪው አሁን ላለበት ሳይሆን ለሚቀጥለው መታጠፊያ ነው የሚያስበው። ይህ ትምህርት የሚጣፍጠው ቡመራንግ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ታጋሽ አውሮፕላን ነው፤ አስባችሁ እስክትጨርሱ ይጠብቃችኋል።

የሚሰጠው ደስታ ደግሞ! እዚህ ቨርጂኒያ ጠዋት ላይ ነፋስ ሳይነሳ፣ የአሠልጣኜ ሪሞት ከእኔው ሪሞት ጋር ያለ ሽቦ ተያይዞ፣ ፍሬኑን ይዤ ጋዙን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ፉጨቱ ወፍሮ ደረቴ ውስጥ ገባ። ፍሬኑን ለቀቅሁት። ተንደረደረ፣ አፍንጫውን በጣት ብቻ ነካ ሳደርገው ተነሳ፣ ጎማዎቹን አጠፈ፣ ወጣ! ድምፁ ከኋላው እየተከተለ መጣ፤ እውነተኛ ጀት ሲያልፍ ሰማይ ላይ በድምፁ ፈልገን ጀቱን ከድምፁ ፊት እንደምናገኘው ማለት ነው። ስታዞሩት በአየሩ ላይ በመስመር እንደተቀመጠ ይታጠፋል። ሪሞቱ በየጊዜው የቀረውን ነዳጅና የሞተሩን ሙቀት በድምፅ ይነግራችኋል። በረራው ሰባት ስምንት ደቂቃ ነው፤ ለሰው ልጅ ደስታ ሰባት ስምንት ደቂቃ ብዙ ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ቡመራንግ አንድ አይደለም፤ ከትንሹ ናኖ እስከ ግዙፉ ኤክስኤል ድረስ ቤተሰብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ትንሹን አልመክርም። ትንሽ ጀት በሰማይ ላይ ቶሎ ይጠፋል፣ ነፋስም ይንጠዋል። ከዚሁ ቤተሰብ ኢላንን የመሰለ መካከለኛ ውሰዱ፤ ትልቅ ነው፣ ይታያል፣ መኪና ውስጥም ይገባል። ለሱ 80 ወይም 100 ኒውተን ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ኃይል የሚያጓጓ ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ጆሮ አትስጡት። የታይዋኑ ኪንግቴክ፣ የጀርመኑ ጀት ካት፣ የስፔኑ ዚኮይ ሁሉም የተመሰከረላቸው ናቸው፣ እኔ ግን ከስሙ በፊት የምጠይቀው ጥገናው የት እንደሚሠራ ነው። ተርባይን በሰዓት ተቆጥሮ ለኩሽኔታ ምርመራ ይላካል፤ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ከሆነ የበጋው ወራት በፖስታ ቤት ያልቃል። ዋጋው ይጎዳል፣ አልደብቅም። አዲስ ተርባይን ከ2,000 ዶላር አካባቢ ይጀምራል፣ አውሮፕላኑ፣ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ፣ ባትሪው፣ በረራውን የሚያረጋጋው ጋይሮ ሲደመር ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። ያገለገለ ቡመራንግ ከነሞተሩ የሚሸጥ ካገኛችሁ የኮምፒውተሩን መዝገብ ክፈቱ፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያችኋል። እንጨት ስለሆነ ደግሞ የተሰበረው በማጣበቂያና በትዕግሥት ይድናል፤ እንደ ፋይበር ግላስ ሙያተኛ አይጠይቅም።

አንዲት የላስቲክ ዕቃ አትርሱ። ተርባይን የአየር አረፋ ይፈራል። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር አንዲት አረፋ ከገባች እሳቱ ይጠፋል፣ ሰማይ ላይ የጠፋ እሳት ደግሞ ያለ ሞተር ያሳርፋችኋል። ስለዚህ ከፓምፑ በፊት አየርን አስቀርታ ነዳጅ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ዕቃ አለች። የፍሎሪዳው ቦብ ቫዮሌት ድርጅት የሠራት ዓይነት በየሜዳው የታወቀች ናት። ባዶ ቦታ ሳትተዉ ሙሏት፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተመልከቷት። ርካሽ ናት፣ ጀቱን የምታድን ግን እሷ ናት።

አሜሪካ ላላችሁ፣ ማዕከሉ ኢንዲያና ውስጥ ማንሲ ከተማ ያለው የሞዴል አውሮፕላን አካዳሚ፣ ኤኤምኤ፣ ለተርባይን ለብቻው ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈተናውን ልምድ ባላቸው ሰዎች ፊት ታልፋላችሁ። ፍጥነቱም በሰዓት 200 ማይል ላይ ይታጠራል፣ ወደ 320 ኪሎ ሜትር። ይህ ገደብ ቢገርማችሁ፣ በ2017 ጀርመን ውስጥ ባለንሽቴት ላይ ኒልስ ሄርብሪሽ በሰዓት 749 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞዴል ጀት አብርሮ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። የዚህ ዓይነት ትንንሽ ሞተሮች ሰውም አብርረዋል፤ የስዊሱ ኢቭ ሮሲ በ2008 ጀርባው ላይ ባሰረው ክንፍ አራት የጀት ካት ተርባይን ገጥሞ ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ባሕሩን ተሻግሯል። ቡመራንግ ላይ የታዘለው ሞተር የእነዚህ ዘመድ ነው!

ደብረ ዘይት ያደጋችሁ፣ ኤል 39 ከራሳችሁ በላይ ሲያልፍ አንገታችሁን እየቀለሳችሁ ያያችሁ፣ ልባችሁ የሚሻው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። አየር ኃይላችን ለዓመታት ያሠለጠነበት ያ የቼክ ጀት በሞዴልነትም ተወዳጅ ነው፣ ከተዋጊዎቹ ይልቅም የዋህ ነው። ይሁን፣ ግዙት፣ በአረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ክብ ምልክት አስጊጡት፣ ስትጨርሱም ጥሩኝ። ግን ሁለተኛ ይሁን። በቡመራንግ ማረፍን ልማድ ያደረገ እጅ ኤል 39ኙን ሳይንቀጠቀጥ ያወርደዋል፣ ተርባይኑም ያው የለመዳችሁት ነው፤ ከአንዱ ፈታችሁ ለሌላው ታስሩታላችሁ።

እና ስታዙ ቀለሙን እንዳትዘነጉ። ነጭና ግራጫውን ተዉት፤ ደመና ላይ ይጠፋል። የክንፉ ላይኛው ፊት ደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ፣ የታችኛው ፊት ሰፋፊ ጥቁር ሰንበር ያለበት ይሁን። ሩቅ ሄዶ ሲዞር ሆዱን ይሁን ጀርባውን እንዳሳያችሁ በአንድ እይታ ትለያላችሁ፤ የሦስት ሰከንድ ጊዜ ይተርፋችኋል፣ ለተርባይን የምትፈልጉትም ያችኑ ሦስት ሰከንድ ነው።